የተከፈለ ቅጣት፣ ያልተዘጋ ፋይል
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)

  

ሰብሳቢያችን «ስለ ፍርድ ቤት አንድ ነገር አስተምሪን» ስትለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቤት ኪራይ ክርክር መናገር ነበር። እሱ ይቀላል፤ ማንንም አያሳፍርም። በኋላ ግን ወንድሜን አማከርኩት፤ እሱም «ንገሪያቸው፣ ስሜን ብቻ አትጥሪ» አለኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ ጠጥቶ ስለ ማሽከርከር ነው፤ እዚህ አገር ሁላችንም «ዲዩአይ» ስለምንለው ነገር። በተለይ ደግሞ ከዓመታት በፊት የተፈረደበት ሰው ዛሬ እንደገና ሲያዝ ያ የድሮው ፍርድ ምን እንደሚያመጣበት።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ አስተርጓሚ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ችሎት ውስጥ ቆሜ የተረጎምኩትን የሰው ጉዳይ ደግሞ አላወራም፤ ምያለሁ። የማወራው የራሴን ቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014፣ በኅዳር ወር፣ ወንድሜ ከአንድ ሰርግ መልስ ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው። የፊት መብራቱን ሳያበራ ነበር የሚነዳው። ትንፋሹን ሲለኩት 0.09 ሆነ፤ ሕጉ የሚለው 0.08 ነው። ሌሊቱን አድሮ በጠዋት ተለቀቀና ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ እኔ ቤት መጣ። ያኔ አስተርጓሚ አልነበርኩም፤ ሆቴል ውስጥ ነበር የምሠራው፤ ግን ከእሱ እንግሊዝኛዬ ይሻል ነበር። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አነበብኩለት። ጠበቃ ጠይቆ ነበር፤ ጥቂት ሺህ ዶላር ብለውታል። እኔ ምን አልኩት? «አምነህ ቅጣትህን ክፈልና ተገላገል። ሰው አልተጎዳ፣ መኪና አልተጋጨ።»

እንደ ነገርኩት አደረገ። ብቻውን ቀረበ፣ አመነ፣ ቅጣቱን ከፈለ፣ የታዘዘለትን የአልኮል ትምህርት ጨረሰ፣ መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ታገደ። ለእናታችን «መኪናው ተበላሽቷል» አላት። ያኔ አላገባም ነበር። ዓመቱ ሲያልፍ መንጃ ፈቃዱን መለሱለት፤ እኛም ረሳነው።

በ2023፣ በመጋቢት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሚስቱ ደወለችልኝ። ከክርስትና ድግስ ሲመለስ ተይዟል። እያለቀሰች «ሰው አልነካም፣ የመጀመሪያው ነው፣ ይለቁታል አይደል?» አለችኝ። የመጀመሪያው ነው። እኔ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር፣ ሁለት ልጅ ስትወልድለት፣ ያ የ2014ቱ ነገር እንዳለ አታውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ። «ክፈልና ተገላገል» ያልኩትም እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። እኛ እንደ ትራፊክ ትኬት እናየዋለን፤ ሲከፈል የሚያልቅ ይመስለናል። ጠጥቶ መንዳት ግን ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያውም ቢሆን ወንጀል ነው፤ «ሚስዲሚነር» ከሚባሉት ከባዱ ክፍል፣ እስከ አሥራ ሁለት ወር ሊያሳስር የሚችል። ሕጉ ደግሞ ይቆጥራል። ሁለተኛው ጥፋት ከመጀመሪያው በአምስት ዓመት ውስጥ ከሆነ ዳኛው የፈለገውን ያህል ቢያዝን ሊቀንሰው የማይችለው እስር ሃያ ቀን ነው። ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ውስጥ ከሆነ አሥር ቀን። ቅጣቱ ከ500 ዶላር አያንስም፣ መንጃ ፈቃድ ለሦስት ዓመት ይሰረዛል። ሦስተኛው በአሥር ዓመት ውስጥ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ «ፌሎኒ» ይሆናል፣ ትንሹ እስር ዘጠና ቀን ነው፤ ሦስቱም በአምስት ዓመት ውስጥ ከሆኑ ስድስት ወር። አንዴ በዚህ ዓይነት ፌሎኒ የተፈረደበት ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ቢያልፍም፣ እንደገና ቢያዝ ያው ፌሎኒ ነው፤ ከአንድ ዓመት የማያንስ እስር አለው።

አቆጣጠሩ ራሱ ሰው ያሳስታል። ወንድሜ ከመጨረሻው ክፍያ ጀምሮ ይቆጥር ነበር፤ ሌላ ሰው ከፍርዱ ቀን ይቆጥራል። ቨርጂኒያ ግን የሚቆጠረው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን እስከ አዲሱ ጥፋት ቀን ነው። ከኅዳር 2014 እስከ መጋቢት 2023 ስምንት ዓመት ከአራት ወር ነው። አሥር አልሞላም።

እኛ ደግሞ ቨርጂኒያ አድረን፣ ዲሲ ሠርተን፣ ሜሪላንድ ቤተ ክርስቲያን የምንስም ሰዎች ነን። በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ውስጥ እንገባለን። ዲሲ ወደ ኋላ የሚያየው አሥራ አምስት ዓመት ነው፤ ለሁለተኛው ቢያንስ አሥር ቀን እስር አለው። ሜሪላንድ ውስጥ በአምስት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የተፈረደበት ቢያንስ አምስት ቀን ይታሰራል። እዚያ ደግሞ የኛ ሰዎች በጣም የሚወዱት «ፒቢጄ» የሚባል ነገር አለ፤ ዳኛው ፍርዱን ሳያስገባ በፕሮቤሽን የሚያልፍበት መንገድ። ጥሩ ነው፣ አልነቅፈውም። ግን አንዴ ከተሰጠህ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ውስጥ በጠጥቶ መንዳት ድጋሚ አይሰጥህም። «ሪከርድ የለኝም፣ ፒቢጄ ነው» የሚል ሰው ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። ቴክሳስ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ጊዜ የሚባል ነገር የላቸውም፤ እዚያ የድሮ ፍርድ ዕድሜ ልክ ይቆጠራል፣ ሦስተኛው ፌሎኒ ነው።

«እዚያ ስቴት ነው፣ እዚህ አያውቁትም» የሚለውንም ተዉት። የቨርጂኒያ ሕግ ከሌላ ስቴት የመጣን ፍርድ፣ ያ ሕግ ከቨርጂኒያው ጋር በአብዛኛው የሚመሳሰል ከሆነ፣ ይቆጥረዋል። በእርግጥ ይመሳሰላል አይመሳሰልም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ይህ የጠበቃ ሥራ ነው፣ አንዳንዴም ይሳካል። ግን መከራከር የሚቻለው ጠበቃው ሲያውቅ ነው።

ወንድሜ ለጠበቃው አልነገረውም። ጠበቃው «ከዚህ በፊት ተይዘህ ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። «አላውቅም» አለ። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ዝም አልኩ። እህቶቼ፣ ለሰው ቃል በቃል ለመተርጎም የማልኩ ሴት ለራሴ ወንድም አፌን ዘጋሁ። ጠበቃውም ጉዳዩን እንደ መጀመሪያ ጥፋት አድርጎ ሳምንታት ሠራበት። ከዚያ ዓቃቤ ሕጉ ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ያስመጣውን የማሽከርከር ታሪክ ይዞ ቀረበ። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ዓይነቱ ፍርድ በማሽከርከር ታሪክ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ይቆያል። ክሱ ወደ ሁለተኛ ጥፋት ተቀየረ። ሚስቱ ነገሩን የሰማችው ችሎት ውስጥ፣ በዓቃቤ ሕጉ አፍ ነው። ስለ ገንዘቡና ስለ እስሩ ይቅር ብላኛለች። ያን ቀን ግን እስካሁንም ታነሳብኛለች፤ እውነቷን ነው።

አንድ የማውቀውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ሥልጠና ላይ ሳለሁ ስለሰማሁት ከልቤ አልወጣም። ኒኮልስ የሚባል ሰው በ1983 ጠጥቶ በመንዳት ተከሶ፣ ያለ ጠበቃ፣ ክሱን ሳይከራከር 250 ዶላር ከፍሎ ወጣ። እስር የለም፣ ምንም የለም። ከሰባት ዓመት በኋላ ከመጠጥ ጋር በማይገናኝ በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሰ። ያቺ የ250 ዶላር ወረቀት የእስሩን ጣሪያ ከ210 ወር ወደ 235 ወር ከፍ አደረገችው። «ያኔ ጠበቃ አልነበረኝም» ብሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ1994 የወሰነው ያኔ ስላልታሰረ ጠበቃ ማግኘት መብቱ እንዳልነበረ፣ ፍርዱም ሊቆጠርበት እንደሚችል ነው። ልብ በሉ፤ እስር ከሌለበት መንግሥት ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለበትም፤ ጠበቃ ሳይኖርህ ያመንከው ግን በኋላ እስርህን ሊያረዝም ይችላል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የእኔ የኩሽና ጠረጴዛ ነው።

የድሮው ፍርድ ሥራውን የሚጀምረው ደግሞ የፍርድ ቀን ሳይደርስ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያው ከሆነ በተያዘበት ሌሊት መንጃ ፈቃዱ ለሰባት ቀን ይታገዳል። ሁለተኛው ከሆነ እስከ ስድሳ ቀን ይደርሳል። ከተያዘ በኋላ ትንፋሽ አልሰጥም ማለትም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የወንጀል ጉዳይ አይደለም፤ የድሮ ፍርድ ላለበት ሰው ግን እንቢታው ብቻውን ሌላ ወንጀል ሊሆን ይችላል። «ትንፋሽህን አትስጥ» እያሉ ድግስ ላይ የሚመክሩ ሰዎች ይህን አይነግሩም።

ባሎቻችሁ ወይም ልጆቻችሁ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሆኑ ብዙ ናችሁ። የንግድ መንጃ ፈቃድ፣ ሲዲኤል የያዘ ሰው፣ በራሱ የቤት መኪና በእሑድ ቀንም ቢሆን ጠጥቶ ነድቶ ከተፈረደበት የፌዴራሉ ደንብ ለአንድ ዓመት ከከባድ መኪና ያወርደዋል። ሁለተኛው ዕድሜ ልክ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ስቴቱ ሊመልስለት ይችላል፤ አሥር ዓመት ግን የልጅ አስተዳደግ ነው። ለሲዲኤል ባለቤት ስቴቶች ፍርዱን እንዲሸፍኑለትም ደንቡ አይፈቅድም።

ስለ ወረቀታችን ጉዳይ ስትጠይቁኝ ሁልጊዜ የምመልሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ ብዬ ነው፤ ዛሬም ያንኑ እላለሁ። ግን ጥቂት ነገር ልጠቁም። ለዜግነት ስታመለክቱ ቅጹ የሚጠይቀው ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ነው፤ ተፈርዶብሃል ወይ ብቻ አይደለም፣ የተሰረዘውንም ይጠይቃል። በ2019 የተሰጠ የፌዴራሉ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ውሳኔ ደግሞ መልካም ጠባይ በሚታይበት ጊዜ ውስጥ ሁለት የዲዩአይ ፍርድ ያለበትን ሰው፣ ተቃራኒውን ካላስረዳ በቀር፣ መልካም ጠባይ እንደሌለው ይቆጥረዋል። ፕሮቤሽን ላይ ሳሉም ዜግነት አይጸድቅም። ቲፒኤስ በሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ላይ ያለ ሰው ሁለት ሚስዲሚነር ካለበት ከለላውን ያጣል። እዚህ ላይ አንድ ውስብስብ ነገር አለ። ጠበቃ ዲዩአይውን ወደ አደገኛ አነዳድ ሊያስቀይረው ይችላል፤ ይህ ለሚቀጥለው ክስ እንደ ቀድሞ ዲዩአይ አይቆጠርም፤ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን አደገኛ አነዳድም ቨርጂኒያ ውስጥ ራሱ ሚስዲሚነር ነው። ለአንዱ በር የከፈተው ቁልፍ ሌላውን ላይከፍት ይችላል።

ለዚህም ነው ፓዲያ የሚባል ሰው የማይረሳኝ። ተወልዶ ከሆንዱራስ፣ አሜሪካ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረ፣ ቬትናም የዘመተ፣ የከባድ መኪና ሹፌር። ክሱ የማሪዋና ጭነት ነበር። ጠበቃው «ይህን ያህል ዓመት ኖረሃል፣ አትስጋ» ስላለው አመነና ከአገር ሊወጣ ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኝነትን ማመን ከአገር ሊያስወጣ እንደሚችል ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። ስለዚህ «ይህ ወረቀቴን ይነካል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም፤ ሥራው ነው።

የምናገረው ሰው ከጥፋቱ እንዲያመልጥ ለማስተማር የመሰላችሁ ካላችሁ ልክ አይደለም። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ጠጥቶ ነድቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው አለመግደሉ የእሱ ችሎታ አይደለም። ሕጉ የሚቆጥረው ሁለተኛ ጊዜ የሚያደርገው ሰው ሦስተኛ ጊዜም ሊያደርገው ስለሚችል ነው፤ ይህን አልቃወምም። የሚያሳዝነኝ መቁጠሩን የማናውቅ እኛ መሆናችን ነው። በ2014 ጠበቃ ቢኖረው ኖሮ 0.09 የሆነችውን ልኬት፣ መሣሪያውን፣ ፖሊሱ ያስቆመበትን ምክንያት የሚያይ ሰው ይኖር ነበር። ምናልባት ምንም አይለወጥም ነበር። ግን ቢያንስ «ይህን ከፈረምክ ለአሥር ዓመት አንድ ብርጭቆ ጠጥተህ ቁልፍ እንዳትነካ» የሚለው ሰው ያገኝ ነበር። እኔ ያልኩት «ተገላገል» ነው።

አሥሩን ቀን ታሰረ። ከአራት ወር በኋላ በፍርድ ቤት ፈቃድ ለሥራ ብቻ የሚነዳበት የተገደበ መንጃ ፈቃድ አገኘ፤ መኪናው ላይ ግን ሳይነፉበት የማይነሳ መሣሪያ ተገጠመ። የአራት ዓመቷ ልጁ ከኋላ ሆና «እኔም ልንፋ» ትላለች። ከኤርፖርት ሥራው ወጣ፤ የድርጅቱ ኢንሹራንስ አልቀበልም አለ። አሁን ሌሊት መጋዘን ውስጥ ይሠራል።

እህቶቼ፣ የዚህ ማኅበር አባል የሆነችው ሚስቱ መሆኗን ብዙዎቻችሁ አሁን ገምታችኋል፤ እሷም ፈቅዳልኛለች። ያን ጊዜ ያደረጋችሁትን አልረሳም። ከአስቸኳይ እርዳታ ሣጥናችን አወጣችሁላት፣ ዕቁባችሁን ያስቀደማችሁላት አላችሁ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያመላለሳችሁ አላችሁ። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለሁለተኛው ነው። ለመጀመሪያው ማንም አልረዳም፤ ማንም አላወቀማ! ቢያውቅም ደንባችን የሚፈቅደው ለለቅሶ፣ ለሕመም እና ለዋስ ነው።

ስለዚህ ለደንብ ኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ይኸው ነው፤ ዛሬ ድምፅ እንድትሰጡበት እለምናለሁ። ከአስቸኳይ ሣጥኑ ላይ ትንሽ ድርሻ ለይተን፣ አንድ የአባል ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንጀል ሲከሰስ፣ ጥፋቱን ከማመኑ በፊት ከጠበቃ ጋር ለሚያደርገው የመጀመሪያ ምክክር ይዋል። የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት ነው። ስሙ ለሣጥኑ ያዥ ብቻ ይታወቅ፤ በጉባኤ ፊት አይነበብ። ከዋስ ርካሽ ነው፤ ደጋፊዎቻችንም ይህን ሒሳብ የምትረዱት ይመስለኛል።

ሐሳቡ ቢያልፍም ባያልፍም እስከዚያው፦ ከተያዘ ሰው ጋር ጠበቃ ቤት ስትሄዱ ሰውዬውን ብቻውን አስገቡት። እናንተ ውጭ ቁጭ በሉ። እናቱም ሚስቱም እህቱም። የሚያፍርበትን ነገር በእናንተ ፊት አይናገረውም፤ ከጠበቃው ጋር ብቻውን የተናገረው ደግሞ ምስጢር ነው። የማሽከርከር ታሪኩንም ቀድሞ ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ያውጣ፤ ዓቃቤ ሕጉ የሚያየውን እሱ አስቀድሞ ይየው። በወንጀል ችሎት አስተርጓሚ ለተከሳሹ በነፃ ይመደባል፤ «እህቴ ትተርጉምልኝ» አይበል። እህት ምን እንደምትል ከእኔ አይታችኋል።

ቅጾቹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ የማሽከርከር ታሪክ መጠየቂያውን በአማርኛ እንዴት እንደሚሞላ ጽፌ አያይዤበታለሁ። በጉባኤ ፊት የማይጠየቅ ጥያቄ ያላችሁ ከቡናው በኋላ ጓዳ ውስጥ አለሁ።